ሰባት ቤት ሲቆጠር፦ የተለያየ ብሔረሰብ ጋብቻ በወሎ ገጠር

ወሎ ከጥንት ጀምሮ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት ምድር ነው። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ይህንኑ በዓይኑ ያያል። ገበያው ከእህልና ከከብት ሌላ አማችም አገናኝቷል።

የመሳፍንቱ ጋብቻ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። የየጁው ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ለቋራው ካሳ ኃይሉ የዳሩት ሸፋቹን በዝምድና ለማሰር ነው፤ ካሳ ግን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማታቸውን ድል ነሡ። ተዋበች ከባላቸው አልተለዩም።

የአራሹ ስሌት ሌላ ነበር። ክርስቲያኑ አማራ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት ስለሚቆጥር፣ ጎረምሳው ሚስት ራቅ ብሎ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በአፋር ዘንድ ደግሞ አብሱማ በሚባለው ልማድ የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ ቅድሚያ ስላለው፣ ልጅቱን ለውጭ ሰው መዳር የዘመድን መብት እንደ መንጠቅ ይቆጠራል። «አይሰጡንም» የሚለው የቆየ ቅሬታ እንግዲህ ሁልጊዜ ከጥላቻ የመነጨ አይደለም። በሃይማኖት በኩል እንኳ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የተጋቡበት የወሎ ቤት ብዙ ነው።

ከሩቅ የመጣች ሙሽራ ዋና ሥጋቷ መሬት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም የሚወረስ ቢሆንም የእሷ ድርሻ ያለው እትብቷ በተቀበረበት አገር ነው፤ ባሏ ቢሞት ወይም ቢፈታት ድንበሯን የሚመሰክርላት ወገን በአጠገቧ የለም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የርስቱን ሥርዓት አስቀረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል መሰጠት የጀመረው የይዞታ ደብተር ደግሞ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ስለሚይዝ፣ ዘመድ በሌለበት ደብተሩ ይመሰክራል።

ደፍሮ መናገር ካስፈለገ ግን፣ ከቋንቋም ከሃይማኖትም የጠነከረው አጥር በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋና በፋቂው ፊት የቆመው ነው። ገበሬው እሱ በቀጠቀጠው ማረሻ ያርሳል፣ እሷ በሠራችው ምጣድ የተጋገረ ይበላል፤ ልጃቸውን ግን «ቡዳ» ብሎ ይሸሻል። ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሽማግሌም አንዱ የሚያጣራው ይህንኑ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የመጋባትን መብት ያለ ዘር፣ ያለ ብሔርና ያለ ሃይማኖት ልዩነት ደነገገ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅም አባልነትን ያለ አድልዎ ከፈተ። የቀጥቃጩ ልጅ ዛሬ ዕጣ ገዝቶ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጣል። ሽማግሌ ልኮ መልስ ሳያገኝ የሚቀርበት ቀበሌ ግን አሁንም አለ።