ከድልድዩ በታች ያለው አዲስ አበባ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ፍልውሃ አጠገብ ስትቆረቆር ገና አንድ ወጥ ከተማ አልነበረችም። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ ሎሌውና ወታደሩም በዙሪያቸው ጎጆውን ቀለሰ። አንዱን ሰፈር ከሌላው የሚለየው ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ ነበር። በበጋ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ጅረት ክረምት ሲገባ ሰውም ከብትም ይወስዳል። መንገደኛ ጉዳዩ የቱንም ያህል ቢያስቸኩለው ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

የተበታተኑትን ሰፈሮች ከተማ ያደረጓቸው ድልድዮች ናቸው። በራስ መኮንን ድልድይ ፒያሳና አራት ኪሎ ተገናኙ፤ በቀበና ድልድይ የምሥራቁ ሰፈር ከመሀል ከተማ ጋር ተያያዘ። የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ዛሬም በድልድያቸው ይነሳል፤ የታክሲ ረዳት በቀን ስንት ጊዜ ይጣራበታል። ወንዝ ማሻገር የትልቅ ሰው ስም የሚያሰጥ ቁም ነገር ነበርና።

ድልድዩ ሲበዛ ግን ወንዙ ተረሳ። መሻገር የማያስጨንቀን ሰዎች ቁልቁል ማየቱን ተውን። የቤታችን ጓሮ ወደ ወንዙ ዞረ፤ የመጸዳጃው ቱቦ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የፋብሪካው ፍሳሽ ተከተለ። በበጋ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ታች ለተመለከተ የጠቆረ ውሃ፣ የውሃ ላስቲክና ያለፈው ክረምት ቁጥቋጦ ላይ ሰቅሎት የሄደው ፌስታል ይታያል። ሽታው እግረኛውን ያስሮጣል።

ወንዝ ግን የጣሉበትን ይዞ አይጠፋም። ቀበናና ባንተይቀጡ የተባሉት ወንዞች ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳሉ፤ በአቃቂ ዳር ያለው አትክልተኛ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው አባ ሳሙኤል ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። አንድ ዘመን መብራት ያገኘንበት ግድብ ደለልና የከተማ ቆሻሻ ሲከማችበት ኖሯል። ከላይ እንጦጦ ለማገዶ ሲራቆት፣ ከታች ደግሞ ቤት ወንዙ አፋፍ ድረስ ሲጠጋ ጎርፉ በየክረምቱ ቦታውን ሊያስመልስ ይመጣል። ዋጋውን የሚከፍሉትም ከአፋፉ ሌላ መጠጊያ ያጡት ናቸው።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የወንዝ ዳር ልማት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ሊያለማ የተነሳ ነው። ፓርኮች ተከፍተዋል፤ ከተማዋ ከብዙ ዘመን በኋላ ፊቷን ወደ ወንዟ መመለሷ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው የሚመዘነው ግን በመብራቱና በአበባው ብዛት ሊሆን አይገባም። ፍሳሹ ካልቆመ፣ ለክረምቱ ውሃ መውረጃ ካልተተወለት፣ ያማረው የእግረኛ መንገድ የቆየውን ጥፋት ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

አባቶቻችን ወንዙን ማለፍ ቸግሯቸው ድልድይ ሠርተው አወረሱን። የእኛ ድርሻ ደግሞ ወንዙን አጽድተን ማውረስ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን ከቤታችን የሚወጣው ቱቦ የት እንደሚያርፍ ዛሬውኑ እንጠይቅ።