ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የዞረው ዲሽ

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር የተመልካቹ ጣጣ አንቴና ብቻ ነበር። በ1977 ቀለም ተጨመረ። አናሎግ ሞገድ ቢደክምም ቻይ ነው፤ ነጠብጣብ እየወረደበትም ሰው ይለያል። ዲጂታል ግን አይለማመጥም፤ ጥርት ብሎ ይታያል፣ አለዚያ ተቆራርጦ ይጠፋል።

ዲሽ በየጣሪያው ሲበዛ ብዙው ወደ ናይልሳት ሳተላይት ያይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግድም የኢትዮጵያ ቻናሎችን የያዘው ኢትዮሳት ኤንኤስኤስ 12 በተባለው ሳተላይት ላይ መጣና አገሩ ሁሉ ዲሹን አዞረ። ከአርሲዋ አቦምሳ ሲታይ ናይልሳት ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ በምዕራብ በኩል ነው፤ ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ በምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ 67 ዲግሪ ግድም ላይ። ዲሹ ዞሮ ብቻ አይበቃውም፣ ፊቱንም ወደ ሰማይ ማቅናት አለበት።

ያኔ የዲሽ ሠሪው መሣሪያ ቁልፍና ጩኸት ነው፦ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ሳሎን ሆኖ "መጣ! ሄደ!" ይባባላሉ። የሪሲቨሩ የጥራት መስመር ለዚህ ይበቃል፤ ምን እንደጎደለ ግን አይናገርም።

የሚናገረው ሌላ ቦታ ነው። የዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያ ድራይቨሮች እ.ኤ.አ. በ2002 ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እምብርት (ከርነል) ውስጥ ገቡ፤ በ2008 መጨረሻ ደግሞ ዲቪቢ ኤስ2 የተባለውን የሳተላይት ሥርጭት ደረጃ የሚያስተናግደው አሠራር ተጨመረ። ዛሬ ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ዩኤስቢ መቀበያ የሰካ ሰው ተርሚናል ከፍቶ ዲቪቢቪ5 ስካን የሚባለውን ትእዛዝ ይሰጣል። ኢትዮሳት የሚታወቅበት 11105 ሜጋኸርዝ፣ አግድም፣ ሲምቦል ሬት 45000 ነው። ከዲሹ ፊት ያለው መቀበያ፣ ኤልኤንቢው፣ በውስጡ 9750 ይቀንስና 1355 ሜጋኸርዝ በኬብሉ ይልካል፤ አግድሙንም የሚመርጠው ከሪሲቨሩ የሚመጣ 18 ቮልት ነው። 13 ቮልት ከደረሰው ቁመቱን ይመርጣል፤ ያኔ ዲሹ ልክ ሆኖም ቻናሉ አይገኝም።

ስክሪኑ ላይ አምስት ደረጃ በተራ ይመጣል፦ ምልክት፣ ተሸካሚ ሞገድ፣ ስሕተት ማረሚያ፣ ማመሳሰል፣ በመጨረሻም መቆለፍ። ከአንደኛው ያላለፈ ዲሽ አቅጣጫውን ስቶ ወይም ኬብሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ የቀረ ግን ከፍሪኩዌንሲ ወይም ከሲምቦል ሬት ስሕተት ሊሆን ይችላል። ከጎኑ የምልክትና የሁካታ ልዩነት በዲሲቤል ይነበባል፤ ዲሹ በአንድ ጣት ሲነካ ቁጥሩ ይወዛወዛል።

የአርሲ ክረምት ዝናብ ይህን ልዩነት ይበላዋል። ስለዚህ ዲሽ ሠሪዎች ሆይ፣ ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ቁጥሩን በጠራ ሰማይ ጻፉት፣ በዝናብም ዳግም አንብቡት።