ግዝት ያፈረሰ ሰው ወዴት ይሂድ?

ግንቦት 1927 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሊወረን አምስት ወር ገደማ ሲቀረው፣ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በምትባል ከተማ አንድ የኒው ዮርክ ሰው ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሟል። ቢል ዊልሰን ይባላል። የመጣበት የንግድ ጉዳይ ከሽፏል። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ ባሩ ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። ባሩን ትቶ ወደ ስልኩ ሄደና ለከተማው ቄስ ደወለ። የፈለገው እንደሱ ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሰው እንዲያገናኙት ነበር።

በማግስቱ ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ዶክተር ቦብ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ሊቆይ ነበር የመጣው፤ ለሰዓታት ተቀመጠ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የሚባለው የመጠጥ ሱሰኞች መረዳጃ ከዚህ ጨዋታ ተወለደ።

ይህን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። የሚኖረው ላሊበላ ነው፤ አስጎብኚ ነበር። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነቱ እንግዳውን ሲያስቀረው፣ ጠላው ወደ አረቄ፣ የማታው ወደ ጠዋት ተሻገረ። «አንተ ኮምፒውተር ላይ አይደል የምትውለው? እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ፈልግልኝ እስቲ» አለኝ።

ፈለግኩ። በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች ሞልተዋል፤ በተለይ ከኮሮና ወዲህ። ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የተቋረጠው። ኔትወርክ ላይ የተሠራ ስብሰባ ከኔትወርኩ ጋር ይጠፋል። እናም ላስታ ራሷ ምን እንዳላት ማየት ጀመርኩ።

ላስታ ውስጥ መሰብሰብ አዲስ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበር አለ። ሚካኤል ከሆነ በየወሩ በ12፣ ማርያም ከሆነች በ21፣ አባላቱ በየተራ እየደገሱ ይገናኛሉ። ሙሴ አለው፣ ተራ አለው፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። በኢንጂነር ዓይን ካየነው ሲስተሙ ሙሉ ነው። ችግሩ ስሙ ላይ ነው፦ ጽዋ። ከባለተራው ወደ ቀጣዩ የሚተላለፈው ጽዋ ውስጥ ያለው ጠላ ነው። መጠጥ ያቆመ ሰው በዚያ ቀን ወይ ከወዳጆቹ ይቀራል፣ ወይ ይጠጣል።

ሕግም እዚህ ድረስ አይደርስም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ነው። የጠላ ቤቱ ማስታወቂያ ግን እንጨት ላይ የተደፋው ጣሳ ነው፤ እሱ አሁንም በሩ ላይ አለ።

መጠጥን መተውም በአገራችን የራሱ መንገድ አለው። ሰው ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ይገዘታል፣ ይሳላል፣ ጠበል ቦታ ሱባኤ ይገባል። በዚህ መንገድ የተዉ አሉ፤ አላጣጥለውም። ግን ሁለት ክፍተት ይታየኛል። አንደኛው የሰውነት ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቃዣል፤ አንዳንዱን ያንፈራግጠዋል። ይሄ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሱባኤ የሚገባም ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይየው፤ ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም።

ሁለተኛው ክፍተት ይከብዳል። ግዝቱ ሲፈርስስ? ያፈረሰ ሰው ያፍራል። ንስሐ አባቱን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፣ ይደበቃል፣ ተደብቆም ይጠጣል።

አክረን ላይ የሆነውን እዚህ ጋ ልብ በሉ። ዶክተር ቦብም አፍርሶ ነበር። ከቢል ጋር በተዋወቀ በሳምንታት ውስጥ ለሐኪሞች ጉባኤ ሄዶ ሰክሮ ተመለሰ። ቢል አልገሰጸውም፤ አጠገቡ ሆኖ አስታመመው። ሰኔ 3 ቀን 1927 ቦብ የመጨረሻዋን መጠጥ ጠጣ፤ ማኅበሩም የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚያች ቀን ነው። ማለትም የተመሠረተው አንድ ሰው አፍርሶ በተመለሰበት ቀን ነው።

«ላሊበላ ውስጥ ማን ስሙን ደብቆ ይሰበሰባል? ሁሉም ይተዋወቃል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስም መደበቅ ለትልቅ ከተማ የሚመች ነገር ነው። ምስጢር መጠበቅን ግን ላስታ ከማንም አትማርም፤ ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር እዚያው እንደሚቀር ልጅ እንኳ ያውቃል። ያንን ልማድ ወደ ማኅበሩ ማምጣት ነው። ጽዋውም ይቅር አልልም፤ ማር ያለበት አገር ነው፣ ብርዝ ይሞላበት። ብቻ ብርዝ ቀናት ካሳለፈ ይፈላልና በዕለቱ ይጠጣ።

ለአክስቴ ልጅ የምልክለት አድራሻ አላገኘሁም፤ የቢልን ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና የአንድ ሹፌር ስም ጠራ፤ እሱም ሁለት ጊዜ ተገዝቶ ሁለቴ ያፈረሰ ነው። አሁን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይጠጣሉ። ሹፌሩ ባለፈው ወር አፍርሶ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ግን መጣ።