ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡ

የአጼ ምኒልክን የመጀመሪያ ቴምብሮች ማግኘት ብዙ ሰው እንደሚገምተው ከባድ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋሉት ሰባቱ ቴምብሮች በፈረንሳዊው ኡዤን ሙሾን ተነድፈው ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ከሩብ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ባለ 4፣ ባለ 8 እና ባለ 16 ግርሾቹ ደግሞ የይሁዳ አንበሳን ይዘዋል። የአውሮፓ ሰብሳቢዎች ገና ከጅምሩ በብዛት ስለገዟቸው፣ ማኅተም ያላረፈባቸው ንጹሖቹ ዛሬም በመጠነኛ ዋጋ ይገኛሉ።

ውዱ ያው ቴምብር ተለጥፎበት በእርግጥ መንገድ የሄደ ፖስታ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአገራችን ቴምብር ከድንበር ወዲያ አይሠራም ነበር። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ስለዚህ አንድ ፖስታ ላይ የምኒልክ ምስል ከፈረንሳዮቹ ቴምብር ጎን ይታያል፤ የሐረር ማኅተም፣ የጅቡቲ ማኅተም፣ የመድረሻው ከተማ ማኅተም ከነቀኑ ተደርድሯል። ደብዳቤው ስንት ቀን እንደተጓዘ ከፖስታው ላይ ማንበብ ይቻላል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የታሪክ ሰነድ ጥቂት ነው። ታዲያ ቴምብሩን ለአልበም ሲሉ በውኃ ነክሮ መላጥ ዋጋውንም ታሪኩንም አብሮ መጣል ነው።

ለገንዘብ ብሎ የሚሰበስብ ደግሞ በተለይ ከ1894 ዓ.ም. አካባቢ በኋላ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ የታተሙትን ተጨማሪ ጽሑፎች ይጠንቀቅ። መጀመሪያ «ኢትዮጵያ» የሚለው በላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ «ቦስታ» የሚለው በእኛው ፊደል ታትሞባቸዋል። ርካሹን ቴምብር ወስዶ የሐሰት ጽሑፍ ማሳረፍ ቀላል ስለነበር፣ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። የሚያውቅ ሰው ሳያየው ገንዘብ አይውጣበት።

የብር ኖት ላይ ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ የሚወደደው ያልታጠፈው፣ እጅ ያልነካው ነው። የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1915 ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 100 እና ባለ 500 ኖቶችን ሲያወጣ ሕዝቡ የሚያምነው ከብር የተሠራውን የማርያ ትሬዛን ገንዘብ እንጂ ወረቀትን አልነበረም። ከእነዚያ ኖቶች የተረፉት እጅግ ጥቂት በመሆናቸው፣ ያረጀ ቢሆን እንኳ ሰብሳቢው ይሻማበታል።

ወረቀት በሰፊው የገባው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ የታተሙት አዲሶቹ ኖቶች የመንግሥት ባንኩን ገዢ የአሜሪካዊውን የጆርጅ ብሎወርስን ፊርማ ይዘው ወጡ። ብሩን ለምዶ ወረቀት የሚጠረጥረው ሰው እንዲቀበላቸው፣ አብሯቸው ከእውነተኛ ብር የተሠራ የ50 ሳንቲም ዝርዝር ተሰራጨ። ገዢዎቹ ሲለዋወጡ ፊርማውም ስለተለወጠ፣ ሰብሳቢ የጃንሆይን (የአጼ ኃይለ ሥላሴን) ኖት ሲያገኝ ከምስሉ በፊት ፊርማውን ያያል።

በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ ገንዘቡን ሲቀይር ለመለወጫ ሦስት ወር ሰጠ። ቀኑ ያለፈበት ገንዘብ በየሣጥኑ ቀረ። ያ ለባለቤቱ ኪሳራ ነበር፤ ዛሬ ለሰብሳቢ ከሚተርፉት ኖቶች ብዙዎቹ ግን የዚያ ዓይነት ናቸው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተቀየሩትን ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች «ነገ ይወደዳሉ» ብለው ያስቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ቁጥራቸው ብዙ ነውና፣ ፍጹም አዲስ ያልሆኑት ቶሎ ይወደዳሉ ብዬ አላምንም። ዋጋ የሚሰጠው ብርቅነት ነው፤ ዕድሜ ብቻውን አያወጣም።

ቤታችሁ አሮጌ ኖት ካለ አትጠቡት፣ አትተኩሱት፣ በፕላስቲክ አታሽጉት፤ ስኮችም አትለጥፉበት። ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ፣ ሳይታጠፍ በንጹሕ ወረቀት መካከል ይቀመጥ። የቆየ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ከነፖስታው ይቆይ። ማን ለማን እንደጻፈው የሚያስታውሱት እናት አባት በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ፣ መልሱን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩት።