ቀኝና ግራ ያለው ድምፅ

ሰው ሁለት ጆሮ ያለው ስለ ጌጥ አይደለም። ድምፅ ከቀኝ ሲመጣ ቀኙ ጆሮ ከግራው ቀድሞና አጥርቶ ይሰማል፤ በዚያች ጥቂት ልዩነትም ጠሪው ከወዴት እንደ ሆነ ይታወቃል። ድምፅ የሚቀርጸው መኪና ግን በተፈጠረ ጊዜ አንድ ጆሮ ብቻ ነበረው።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ቃል በሰም ላይ የተቀረጸው እንዲህ ባለው መኪና ነበረ። ንግሥቲቱ በ1898 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል) ድምፃቸውን ቀርጸው ልከው ስለ ነበረ፣ መልሱም በዚያው ዓይነት ተሰጠ። ተናጋሪው አንድ ሰው ሲሆን አንድ ጆሮ ይበቃል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹም ጉድለቱ ብዙ አልታየም።

ጉድለቱ የሚታየው ማኅሌት ሲቀረጽ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ፣ በክብረ በዓል ሌሊት ወደ ቅኔ ማኅሌቱ የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ። በመሪ ወገን የተነሣውን በተመሪ ወገን ያሉት ይቀበሉታል፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባለውም ማዕረግ ከዚሁ አቋቋም ጋር የተያያዘ ነው። በመካከል የቆመ ሰው ዜማው ከወገን ወደ ወገን ሲሻገር ይሰማዋል። በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ እንደ ሆነ ግን መሪና ተመሪ ባንድ ቀዳዳ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ የተደባለቀውንም ኋላ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ክሌማን አዴር በ1881 በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ ጥንድ ጥንድ ማይክሮፎን አኑሮ ድምፁን በስልክ ሽቦ አስተላለፈ። ሰሚው ሁለት ማዳመጫ በሁለት ጆሮው ይዞ ዘፋኙ ከየት ወገን እንደ ቆመ ለየ። ነገር ግን ያ ተሰምቶ የሚጠፋ ነበረ። ይህንኑ በሸክላ የማስቀረቱን መንገድ ያበጀው እንግሊዛዊው አለን ብሉምላይን ነው፤ በ1931 መጨረሻ የፈጠራ መብት ጠየቀ። በሲኒማ ተዋናዩ በሸራው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ ድምፁ ግን ካንድ ቦታ መምጣቱ አሳስቦት እንደ ነበረ ይነገራል። ዘዴው ያስደንቃል፤ የሸክላው ቦይ እንደ ሸለቆ ሁለት ግድግዳ ስላለው፣ ባንዱ የቀኙን በሁለተኛው የግራውን ድምፅ ጻፈ፤ አንዲት መርፌ ሁለቱንም ታነባለች። በ1934 በለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ኦርኬስትራ ቀረጸበት። ይሁን እንጂ ኩባንያው ለገበያ አላወጣውም። ብሉምላይንም በ1942 የራዳር መሣሪያ ሲሞክር በአውሮፕላን አደጋ በ38 ዓመቱ ሞተ። ስቴሪዮ ሸክላ በሰፊው የተሸጠው ከ1958 ወዲህ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 በኒውዮርክ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ ሲያሳትሙ ዘዴው የተለመደ ሆኖ ነበረ። ስትረት የተባለው አሳታሚ በ2017 ይህን ሥራ ደግሞ ሲያወጣ፣ ስቴሪዮውንና ሞኖውን ጐን ለጐን አቅርቧል፤ ልዩነቱን ለተማሪዎች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

ማኅሌቱ ዛሬ በስልክ ጭምር ይቀረጻል። ባንዱ ወገን አጠገብ ሆኖ የቀረጸ ያንኑ ወገን ያጐላል፤ ሁለት ማይክሮፎን በመካከል ያቆመ ግን መሪውን ከተመሪው ለይቶ ያስቀራል።