ሙያ ወይስ ቀለም? የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አጭር ታሪክ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ሕዝባችን። አናጢ ይግደለኝ፣ ቀጥቃጭ ይግደለኝ ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። ቀልድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። «የተማረ» ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው መጽሐፍ የያዘው ነው፤ መዶሻ የያዘው አይደለም። እኛ በዚህ ግቢ የተገኘን ተማሪዎች ደግሞ የዚህ አባባል ተጠቃሚዎች ነን። እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር በሙያና በቀለም ትምህርት መካከል እንዴት እንደ ተከፈለ፣ ማንስ እንደ ከፈለው መጠየቅ የሚገባን እኛው ነን። (ዘመኖቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ንቀቱ የቆየ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ያሠሩ የነበረው አገሬው ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ በሚሸሽበት ዘመን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት በስማቸው ተከፈተ። ልብ እንበል፤ አዋጁና ትምህርት ቤቱ የአንድ ሰሞን ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን አልተገናኙም። ትምህርት ቤቱ በይበልጥ ያስተማረው የውጭ ቋንቋ ነበር፤ መንግሥትን የቸገረው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርና። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ትምህርት ማለት ቢሮ፣ ቢሮ ማለት ደመወዝ፣ ደመወዝ ማለት ክብር ሆነ።

ከጠላት ወረራ በኋላ ግን ሙያም የራሱን ቤት አገኘ። በ1934 ዓ.ም. ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፣ እርሱንም ተከትሎ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተቋቋሙ። ከዚያም በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ፣ በ1945 የምህንድስና ኮሌጁ፣ በ1947 ደግሞ የጎንደር ጤና ኮሌጅና በስዊድኖች እርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ሥራ ጀመሩ። በ1954 ዓ.ም. እነዚህ ኮሌጆች ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ላይ በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሕንፃ፣ ጤና፣ እርሻ፣ ምህንድስና ሁሉም የእጅና የሙያ ሥራዎች ናቸው። ሙያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር ማለት ነው፤ ባለሙያው ግን አልገባም። ደጃፉ ላይ የቆመው ማትሪክ የሚመዝነው እንግሊዝኛን፣ ሂሳብንና ሌሎች የቀለም ትምህርቶችን ነበር። የተግባረ ዕድ ልጅ ከቶርኖና ከብየዳ ጋር ያሳለፈው ጊዜ በዚያ ሚዛን ላይ ክብደት አልነበረውም። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉም ንግድ፣ እርሻ፣ የቤት አስተዳደርና የእጅ ጥበብ ከቀለሙ ጎን ተሰለፉ፤ ይሁንና ወላጅም ተማሪም ዓይኑን የጣለው ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚወስደው መስመር ላይ ነበር። ምን ይደረግ! በሩ ያለው በዚያ በኩል ነዋ።

ቁርሾው የፈነዳው በ1966 ዓ.ም. ነው። «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» በሚል ስም የተዘጋጀው እቅድ ለብዙኃኑ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለጥቂቶች የሚወስን ነበር። ጥናቱ የያዘው ችግር እውነተኛ ነበር፤ በገጠር ያለው ሕፃን አብዛኛው የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ሕዝቡ ግን ከሰነዱ ውስጥ ያነበበው ሌላ ነው፤ «የእኔ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው፣ የመኳንንቱ ልጅ ግን ወደ ስድስት ኪሎ!» አለ። በየካቲት መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ተነሥተው በዚያው ሰሞን አድማ መቱ፤ መንግሥትም እቅዱን ለማገድ ተገደደ። ከዚህ የምንማረው ሕዝባችን እርሻና ሙያ ይጠላል የሚለውን አይደለም። የተቃወመው ሌላ ሰው ተቀምጦ «የአንተ ልጅ እጣው ይህ ነው» ብሎ እንዲመርጥለት ነው።

ደርግ በበኩሉ ትምህርትን ከምርት ጋር አጋባለሁ ብሎ የፖሊቴክኒክ ትምህርትን በሙከራ ጀመረ። የእጅ ሥራ በመፈክር ከበረ። ማትሪኩ ግን ከደጃፉ አልተነሣም።

ቀጥሎ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ። አሥረኛ ክፍል መገንጠያ ሆነ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጠው የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የቀናው ወደ መሰናዶ፣ ያልቀናው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ፤ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባለውን የታላላቆቻችን ትውልድ ያውቀዋል። ኮሌጆቹ በየከተማው ተከፈቱ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ተማሪው «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ አልተጠየቀም፤ «ስንት አመጣህ?» ነው የተባለው። ያ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል፤ መገንጠያው ወደ 12ኛ ክፍል ዞረ እንጂ አልጠፋም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ674,823 ውስጥ 36,409፣ ማለትም 5.4 በመቶ። ከእኛ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ተካፍለው የተማሩ ጓደኞቻችን ከእነዚህ ቁጥሮች በወዲያ ማዶ ቀርተዋል።

እንግዲህ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የመጡት መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም እሳትና ውኃ ሆነው ሳለ በአንድ ነገር ግን ተመሳሰሉ። ፈተናው አስቀድሞ ይለያል፤ ሙያ የተረፈውን ይወስዳል። ያለፈው ሙያን አይመርጥም፤ የወደቀውም አልመረጠም፤ ተመደበ። ታዲያ ሙያን መርጦ የገባው ማን ነው?

«ዩኒቨርሲቲ የራሱ ዝግጅት ይፈልጋል፤ ሳያነቡ፣ ሳያሰሉ አይገባም» የሚለን ይኖራል። እውነቱን ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የማለፊያ ነጥብ ላልደረሱ የቀለም ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሜዲያል፣ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ መልካም ተደረገ። በሙያው ደረጃ 4 የደረሰው፣ የብቃት ምዘናውን ያለፈው ብየዳ ሠራተኛ ግን ዲግሪ ልማር ሲል ተጨማሪ የሥራ ዓመታትና ሌላ የመግቢያ ፈተና ሲጠበቅበት ኖሯል። በቀለም ለወደቀው መሰላል፣ በሙያ ላለፈው አጥር! የሙያው መስመር እስከ ደረጃ 8 እንዲዘልቅ በፖሊሲ መወሰኑ ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋው የሚፈተነው ግን በወረቀት ላይ ሳይሆን በዚህ ግቢ በር ላይ ነው።

በእኛ እምነት ምርጫ ምርጫ የሚሆነው መመለሻ ሲኖረው ነው። በወርክሾፕ ያለፈ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ሚዛን ላይ ይቆጠር፤ የጎደለው ቀለም እንዲሟላለት ባለሙያውም ማካካሻ ይሰጠው። የቀለም ተማሪውም ሳያፍር ወደ ሙያ የሚሻገርበት መንገድ ይኑር። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ግን ቀላል ነው፤ ዛሬውኑ ልንጀምረው እንችላለን። ስለ ድሮ ጓደኛችን ስንጠየቅ «አይ እሱማ፣ ቴክኒክና ሙያ ገባ» ብለን ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገውን ነገር እንተው። የ1900 ዓ.ም. አዋጅ የከለከለው ስድብ ዛሬ በሐዘኔታ ድምፅ ተመልሶ እየመጣ ነው፤ የሚያመጡትም ያልተማሩት አይደሉም፤ እኛ ነን።