የመስታወት ጣሪያና የቃሊቲ ክረምት

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስወርድ፣ ለነፋስ ብዬ የከፈትኩት የመኪናዬ የመስታወት ጣሪያ እንደተከፈተ ቀረ። መዝጊያውን ብጫነው አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ግራ ጎኑ ተንጋዶ ቆመ። በአቃቂ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው እናቴ ምንም ሳትናገር ጃንጥላዋን ዘረጋች። ያን ቀን በመኪና ውስጥ ጃንጥላ ይዘን ቤታችን የገባን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

በማግስቱ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ጣሪያው ከነሐዲዱ ተነቅሎ አዲስ ካልገባ አይሆንም አለኝ። ዋጋው የሰባት ወር ደመወዜ ነበር። ሁለተኛው ጋራዥ «በሲሊኮን እንድፈነውና ለዘለዓለም ይዘጋ» አለ። እናቴን በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና የማመላልሰው በዚህችው መኪና ስለሆነ፣ ክረምቱ እስኪወጣ አቁሜያት ልጠብቅ የምል ሰው አልነበርኩም። ስለዚህ ራሴ ልሞክረው ተነሣሁ። አንባቢ ሆይ፣ ካቻቪቴ ይዤ የጀመርኩት ሥራ መጨረሻው ታሪክ ማገላበጥ ሆነ።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ በተባለች መኪና፣ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ናኬ በተባለች መኪና፣ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር አቋርጠው ከዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ደረሱ። የዚያ ዘመን መኪኖች አብዛኛዎቹ ድፍን ጣሪያ አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም የሚታጠፍ ሸራ ነው። እንግዲህ የሰው ልጅ መጀመሪያ በመኪናው ላይ ያለውን ሰማይ ለመዝጋት ብዙ ደከመ፤ ከዘጋው በኋላ ደግሞ መልሶ ለመክፈት ገንዘብ ይከፍል ጀመር።

መኪና ወደ እኛ ስትመጣ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ቃል ይዛ ነው። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» የፈረንሳይኛ፣ የጅቡቲው ባቡር ቋንቋ ቃላት ናቸው። የጥገናው ቃል ግን ጣሊያንኛ ነው፤ ጎሚስታ፣ ባትላሜራ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፖርቶመጋላ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣሊያን መንገድ ጠረገ፣ ካሚዮን አግተለተለ። ሲሸነፍም ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። የእኛ ልጅ ቁልፍ እያቀበለ፣ እየተሰደበም ጭምር፣ ሙያውን ከነቃሉ ወሰደ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ይህችን ከተማ በደም ያጠበ ሠራዊት ያመጣውን ቃል ዛሬ ያለ ቂም እንናገረዋለን፤ እጃችን ስለገባና የእንጀራ ቃል ስለሆነ የእኛ ሆኗል።

የሚከፈት ጣሪያም ቢሆን ለዓለም አዲስ አይደለም። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣት ትንሿ 500 ወደ ኋላ የሚጠቀለል የሸራ ጣሪያ ነበራት። እኛ «ቮልስ» የምንላት የጀርመን መኪናም ለፈለገ ገዢ መጀመሪያ በሸራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በእጅ እየተዘወረ በሚንሸራተት የብረት ክዳን ትሸጥ ነበር። ይህችን የቮልስ ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ቃሊቲ የመኪና ሰፈር ናት። ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ለጉምሩክ ሲሰለፍባት፣ መንጃ ፈቃድ ፈላጊው ልቡ እየመታ ሲፈተንባት የኖረች፣ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮም የከተማው ቀላል ባቡር የደቡብ ጫፍ የሆነች። ጎረቤቴም የዚሁ ዓለም ሰው ናቸው፤ ሥራ ያቆሙ ባትላሜራ። ሙያውን በልጅነታቸው ፒያሳ አጠገብ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ተምረዋል። እሑድ ጠዋት የመኪናዬን ኮርኒስ አውርጄ ግቢው መሐል ተበትኖ ሲያዩ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ፣ መኪናህን እንደ ፋሲካ ዶሮ የምትበልታት?»

«ጋሼ፣ ጣሪያው አልዘጋ ብሎኝ ነው።»

በጣሪያው ጠርዝ ውስጥ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢት ስለሚደበቅ፣ ባትሪውን አላቅቄ ጥቂት ጠብቄ ነበር ሥራውን የጀመርኩት። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ነገር ከፈራሁት ያነሰ ነው። ግራና ቀኝ ሁለት የአሉሚኒየም ሐዲዶች አሉ። አንዲት ሞተር ጥርስ ያላቸውን ሁለት ካቦዎች በሐዲዶቹ ውስጥ ትገፋለች፤ መስታወቱን ተሸክመው የሚሄዱት ደግሞ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ተንሸራታቾች ናቸው። የግራው ለሁለት ተሰንጥቋል። የሰባት ወር ደመወዝ የተጠየቅሁት ለዚህች ነበር።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ካቦውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄማ የቮልስ ጣሪያ ነው» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለዱም። የዚያችም የብረት ክዳን የሚሄደው በካቦ ነው። በእጅ የሚዘወረው ቦታ ላይ ሞተር፣ ብረቱ ቦታ ላይ መስታወት ገባ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

እኔ ግን የፈራሁት ውሃውን ነበር፤ ጣሪያው ከመሰበሩም በፊት ያንጠባጥብ ነበርና። «ጓርኒሲዮኑን ልቀይረው ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ ሳይሰጡኝ አንድ ኩባያ ውሃ አስመጡና በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ አፈሰሱት። ውሃው ተጠራቀመ፣ ቆመ፣ ከዚያም ሞልቶ ወደ ወንበሩ ፈሰሰ።

«ጓርኒሲዮን ውሃ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያግድም» አሉ። «ያመለጠውን ተቀብሎ የሚያወርደው ይሄ ነው። አሸንዳ ነው፤ አሸንዳህ ተደፍኗል።»

አሸንዳ! ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ የሄድኩባቸው ጋራዦችም ይህን ቦይ በስም አልጠሩልኝም። ስሙን ስሰማ ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አወቅሁ። ከቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ሰኔ ሳይገባ ቅጠል ጥረግ ተብሎ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ጉዳዩም ቀላል አይደለም፤ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 30 ሊትር ውሃ ነው፣ ከትልቅ ጀሪካን ይበልጣል። ሲሊኮን የመከረኝ ሰው ቢሳካለት ኖሮ፣ መውጫው የተደፈነውን ቦይ እንደተደፈነ ከላይ ያሽግልኝ ነበር።

በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ቱቦዎች በቀጭን ለስላሳ ሽቦ ጠረግናቸው። በኃይለኛ አየር መንፋት ቱቦውን በምሰሶው ውስጥ ሊያላቅቀው ስለሚችል ጋሼ ከለከሉኝ። የቃሊቲ አቧራ እንደ ጭቃ ቡሽ ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ የፈሰሰው ኩባያ ውሃ ከፊት ጎማው አጠገብ ሲንጠባጠብ እናቴ በረንዳ ላይ ሆና እልል አለች።

ተንሸራታቿን ከቴፍሎን ቁራጭ በመጋዝና በሞረድ አወጧት። የመጀመሪያዋ ወፍራ ሐዲዱ ላይ ተቀረቀረች፤ ሁለተኛዋ ተሰነጠቀች፤ ሦስተኛዋ ልክ ሆነች። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ሁለቱን ካቦዎች እኩል ምልክት ላይ ሳላደርስ ስላሰርኳቸው መስታወቱ በአንድ ጣት ያህል ተጣሞ ተዘጋ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉና እንደገና አስፈቱኝ። ሁለት እሑድ ፈጀብን። ጣሪያው ዛሬም ሲከፈት ትንሽ ሲጥ ይላል። መስታወቱ ራሱ ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሞረድ አያድነውም፤ እሱ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ ከቻይና በሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙ የመስታወት ጣሪያ እያየን ነው። በመኪና ታሪካችን ሦስተኛው የቃል ጎርፍ መሆኑ ነው። የጣሊያንኛውን ጊዜ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ ነበረ፤ ሰባራዋን ዕቃ በእጁ ይዞ ስሟን እየጠየቀ አደገ። ዕቃው ታሽጎ መጥቶ ታሽጎ ሲጣል ግን ስም የሚጠይቅም፣ ስም የሚያወጣም አይኖርም። ጋሼ ከሥራ ሲወጡ መዶሻቸውን የተረከባቸው ሰው የለም።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ሁለት አሸንዳ ጠረግሁ፤ መጀመሪያ የቤቱን፣ ቀጥሎ የመኪናዋን። ውሃውን በኩባያ ያቀብለኝ የነበረው የተከራዮቻችን ልጅ ቦዩን በጣቱ እያሳየ «ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያም ሽቦውን ሰጠሁትና ሦስቱን ቱቦ እሱ ጠረጋቸው።